ወደ ጥቅምት የተሻገረው መዝገብ

ዳኛ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሰኔን እፈራው ነበር። ድሬዳዋ ሰኔ ላይ ትጋላለች፤ የችሎቱ መስኮት ቢከፈትም ቢዘጋም ያው ነው። እኔ የምፈራው ግን ሙቀቱን አልነበረም። የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው በሰኔ ነው። በዓመቱ ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንቱ እልባት አገኘ፣ ስንቱ ወደሚቀጥለው ዓመት ተሻገረ የሚለው ሪፖርት የሚጠናቀረው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ አስቀድሞ በተሰጠ ቀጠሮ ይሞላል፤ ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ያልተቋጨለት ባለጉዳይ ጥቅምትን መጠበቅ አለበት።

የማስታውሰው አንዱን ሰኔ ነው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት የይግባኝ ችሎት ላይ ሦስት ዳኞች ነበርን። ሰብሳቢያችን ጡረታቸው የተቃረበ፣ ከደጋ አገር በወጣትነታቸው መጥተው ፀጉራቸው እዚህ የሸበተ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ዳኛ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ቶሎ አንብቦ ቶሎ የሚረዳ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። እኔ እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሕግ ተምሬ ሌላ ከተማ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ወደ ድሬ ስመደብ እናቴ በደስታ አልቅሳ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያውቀኝ ከተማ መፍረድ ምን እንደሚመስል ገና አልገባኝም ነበር።

አንድ ጠዋት ሰብሳቢው ሁለታችንን ቢሯቸው ጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ፣ የችሎቶችን አፈጻጸም የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ ተዘርግቷል። የእኛ ችሎት የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። በዓመቱ መሀል አንድ ዳኛ ተዛውሮብን ረዘም ላለ ጊዜ ጎድለን ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የድምፅ መቅጃው ይቆማል፤ መቅጃው ከቆመ ምስክር አይሰማም። ድሬ ደግሞ በአንድ ጠዋት ኦሮምኛም ሶማልኛም አደርኛም የሚናገር ባለጉዳይ የሚቀርብባት ከተማ ናት፤ አስተርጓሚው አንድ ችሎት ሲገባ ሌላው ይጠብቃል። እሳቸው ይህን ሁሉ አላነሱትም። ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩት መዝገቦች ሰኔ ሳያልቅ መልክ መያዝ አለባቸው አሉን፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሲናገሩ ጣታቸው የወረቀቱን ጠርዝ ደጋግሞ ያስተካክል ነበር። ሲቆጡ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሲፈሩ ሳይ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው።

የቆዩትን መዝገቦች ተከፋፈልናቸው። ከእኔ ድርሻ አንዱ የአንዲት ሕፃን ጉዳይ ነበር።

ልጅቷ ሰባት ዓመት ገደማዋ ነው። ከአክስቷ ጋር ከገጠር ወደ ቀፊራ ገበያ ሲመጡ፣ ከደረቁ የአሸዋ ወንዝ ወዲህ ባለው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቷት ሞተች። ዐቃቤ ሕግ ሾፌሩን በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ብሎ ከሰሰው። የሥር ፍርድ ቤቱ ልጅቷ በድንገት ገብታበት ነው፣ ማቆም አይችልም ነበር ብሎ በነፃ አሰናበተው። ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ አለና መዝገቡ ወደ እኛ መጣ። መጥቶም ከእኛ ዘንድ አረጀ። አንዴ ዐቃቤ ሕጉ ተቀየረ፣ አንዴ ጠበቃው ታመመ፣ አንዴ ዳኛ አልተሟላም ተባለ፣ አንዴ መብራት ጠፋ። ሾፌሩ ታስሮ ስላልነበር የታሰሩት ሰዎች ጉዳይ ሁልጊዜ ይቀድመው ነበር። ይህ ትክክልም ነው፤ ውጭ ያለ ሰው ግን አይጠብቅም ማለት አይደለም።

የልጅቷን አባት ከዚያ በፊትም በዓይን አውቀው ነበር። ሶማልኛ ተናጋሪ፣ ቀፊራ አካባቢ ፔርሙስና የላስቲክ ዕቃ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ያለችው ሰው ነው። ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ቀጠሮ በተሰጠ ቁጥር ይመጣል፤ ከፊት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጠሮ ተለውጧል ሲባል ተነሥቶ ይሄዳል። ክርክሩ በዐቃቤ ሕግና በሾፌሩ መካከል ነው። አባትየው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አዳማጭ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፤ ተናገር የሚለው የለም።

መዝገቡን ማንበብ በጀመርኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህን ሰው ከፍርድ ቤት ውጭ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ባጃጅ በምጠብቅበት ቦታ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ እዚያው ነበር፤ ሰማያዊ ባጃጅ አጠገቡ ቆማለች፤ እኔ ስሳፈር እሱም ተሳፈረ። ባለባጃጁን በሌላ መንገድ እንዲሄድልኝ ለመንኩት። ምን ሆነሻል አለኝ፤ አንድ ዕቃ ልገዛ ነው አልኩት። ዘወር ብዬ ሳይ ሰማያዊዋ ባጃጅ አልነበረችም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ መንገዱን ስጠብቅ ነበር።

ሥራችን ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚያስቀይም ሥራ ነው። ከሁለት ተከራካሪ አንዱ ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። በሌላ ከተማ የምትሠራ አብራኝ የተማረች ዳኛ ቤቷ ላይ ድንጋይ ተወርውሮባት ያውቃል፤ እሷ ስትነግረኝ ሳቅ እያለች ነበር፣ እኔም አብሬያት ስቄ ነበር። ያን ሰሞን ግን ነገሩ ተመልሶ መጣብኝና መሳቅ አቃተኝ።

ከዚያ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ አየሁት። የእኔም ሴት ልጅ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ላወጣት ስሄድ ሰውየው ከበሩ ማዶ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ የሚወጡትን ልጆች እያየ ቆሟል። ልጄን እጇን ይዤ ሳይሆን አንጠልጥዬ ነው የወሰድኳት ማለት ይቻላል፤ አመመኝ ብላ አለቀሰች። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እንኳ እጇን አልለቀቅኳትም።

ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ መምህር ነው፤ ነገር ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው። ለፖሊስ ንገሪ አለኝ። ምን ብዬ ልንገር አልኩት። ሰውየው አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ከተማው የእሱም ከተማ ነው፤ የሚቆመው በአደባባይ መንገድ ላይ ነው። ልጁ የሞተችበትን ሰው ልጆች ስላየ ላሳስረው ነው? ባለቤቴ ከነገ ጀምሮ ልጅቷን እኔ አመላልሳታለሁ አለኝ። ፍርሃቴን ቀለል ያደርገዋል ብዬ ነበር የነገርኩት፤ እሱም ሲፈራ ባየሁት ጊዜ ግን ባሰብኝ።

ቢሮ ስገባ ሌላ ፍርሃት ይጠብቀኛል። ሰብሳቢው መዝገቡ የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። በእሳቸው አስተያየት ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ ወስኗል፣ እናጸናዋለን፣ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። ሦስተኛውም ዳኛ በነገሩ የተስማማ መሰለኝ። እኔም ላለመስማማት ያሰብኩበት ቀን አልነበረም። የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ ግን ደግሜ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ እቆም ነበር። ልጅቷን ይዛ የነበረችው አክስቷ ናት። ከሁሉ ቅርብ ሆና ያየችውም እሷ ናት። ፍርዱ ስለ እሷ የሚለው ምስክሯ ለተጠየቁት ጥያቄ የሰጡት መልስ ግልጽ ባለመሆኑ አልፈነዋል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የምስክርነቷ ግልባጭም በጣም አጭር ነው፤ ጥያቄ፣ ከዚያ ምስክሯ አለቀሱ፣ ከዚያ ሌላ ጥያቄ፣ ከዚያ አላስታውስም።

እዚያ ችሎት ተቀምጬ ያለሁ ያህል ታየኝ። ውጭ የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ አስተርጓሚው ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ሴትየዋ ታለቅሳለች፤ ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ያን ዳኛ አልወቀስኩትም። እኔም እንዲያ አድርጌ የማውቅ ይመስለኛል። ግን አሁን መዝገቡ ያለው እኔ እጅ ነው። አክስትየዋ ትጠራ ብል የምትኖረው ጀልዴሳ ገጠር ነው፤ መጥሪያው እስኪደርስ ሰኔ ያልቃል፣ ሐምሌ ሞልቷል፤ ወደ ጥቅምት ይሄዳል። አትጠራ ብል ደግሞ ማንም በቅጡ ያልሰማትን ሴት እኔም ሳልሰማት ፈረምኩ ማለት ነው። የትኛውን እንደምፈራ ራሴም አላውቅም ነበር። ሰንጠረዡን እፈራለሁ፣ ሰብሳቢውን ማሳፈር እፈራለሁ፣ መንገድ ላይ ያለውን ሰው እፈራለሁ።

ያ ሰው ያነጋገረኝ በዚያው ሳምንት ነው። ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ የተከተተበት ሰዓት ነበር። ከዚራ ውስጥ በእግሬ ወደ ፍርድ ቤት ስመለስ፣ ዛፎቹ ከላይ በተገጣጠሙበት ጠባብ መንገድ ላይ ከአንድ አሮጌ ቪላ አጥር ጥግ ወጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ከኋላዬም ከፊቴም ሰው የለም። መሮጥ ፈልጌ ሳለ ቆምኩ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

እሱ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ፣ መዳፉን አሳየኝ።

«አንቺ እህቴ፣ አትፍሪኝ» አለ።

ስለ ጉዳዩ ከእኔ ጋር መነጋገር ክልክል ነው አልኩት። እሱ የሰማኝ አይመስልም፤ ብዙ ጊዜ የተለማመደውን ነገር እንዳይረሳው የሚቸኩል ሰው ይመስል ነበር።

«ሰዎች ነገሩኝ። ሰኔ ላይ መዝገብ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል አሉኝ። ወላሂ፣ ሰውየው ይታሰር አልልሽም። ይለቀቅ አልልሽም። ልጄ እንዴት እንደሞተች አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይስማ። አትቸኩሉባት።»

«ሂድ» አልኩት። «እባክህ ሂድ። ሁለተኛ እንዳትከተለኝ።»

«እሺ» አለ፤ «ሄድኩ አቦ፣ ሄድኩ።» ወደ ኋላው ጥቂት ተራመደና ዞረ። ሲሄድ ትከሻው ይንቀጠቀጥ እንደነበር አየሁ። እኔን ለማናገር ይህን ያህል ቀን የፈጀበት እሱም ፈርቶ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። የቪላውን አጥር ይዤ፣ አንዲት ሴት በሩን ከፍታ ውሃ ልስጥሽ ወይ እስክትለኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።

ይህን ነገር መደበቅ እችል ነበር። ማንም አላየንም። ዳኛን ለብቻው ያነጋገረ ሰው በችሎት መድፈር ሊቀጣ ይችላል፤ እኔም ከመዝገቡ ልነሣ እችላለሁ፤ ከተነሣሁ ጉዳዩ ሌላ ችሎት ይሄዳል፣ ከዜሮ ይጀመራል። ደረጃውን ስወጣ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። የሰብሳቢውን በር ሳንኳኳ ግን ወስኜ ነበር ማለት አልችልም፤ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ ስለፈራሁ ነው ያንኳኳሁት።

ጀምሬ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ሌላ የሰማ ሰው አለ ወይ አሉኝ፤ የለም አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። ከዚያ ነገሩ በማስታወሻ ይያዝ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለግራ ቀኙ በግልጽ ይነገራል፣ ተነሺ ካሉ ትነሻለሽ አሉኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ምን ነበር ያለሽ? ቃሉን ድገሚልኝ።»

«አትቸኩሉባት ነው ያለኝ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰብሳቢው የሆነውን አንድም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። አባትየው እንዲቆም ታዘዘ። በአስተርጓሚው በኩል ዳኛን መከተልም ማናገርም ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ነገሩት፤ ከእንግዲህ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ውጭ አጠገቤ ቢደርስ እንደሚታሰር አስጠነቀቁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ያስሩታል ብዬ ፈርቼ ስለነበር ተቀመጥ ሲሉት ትንፋሼ ተለቀቀ፤ ማይክራፎኑ እንዳይይዘው ፊቴን አዞርኩ።

የሾፌሩ ጠበቃ ተነሥቶ ዳኛዋ ይነሡልን አለ። ሾፌሩ ቀጭን፣ አጭር ሰው ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የጠበቃውን ካባ ጎተተና የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ሰብሳቢው ራስህ ተናገር አሉት።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፤ «እሳቸው ከተነሡ ሌላ ችሎት ነው፤ ሌላ ችሎት ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልያዝኩም። መኪና ሲያልፍ እንኳ እግሬ ይርዳል። ይቀጥሉልኝና ጉዳዩ ይለቅልኝ።»

ዐቃቤ ሕጉም ተቃውሞ የለኝም አለ። ከመዝገቡ ሳልነሣ ቀረሁ። አንዱ አትቸኩሉባት እያለኝ፣ ሌላው ይለቅልኝ እያለኝ ነው። ለሁለቱም እሺ ማለት አይቻልም።

ለምክክር ገብተን በሩ እንደተዘጋ ሰብሳቢው «ሾፌሩን ሰማሽው?» አሉኝ። ሰምቼዋለሁ አልኳቸው። አክስትየዋ በእኛ ፊት እንደገና ትሰማ አልኩ። ሰብሳቢው ለአፍታ ጣሪያውን አዩ። የቆመውን ማራገቢያ ያዩ ይመስላሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ አሉኝ፤ አውቃለሁ አልኳቸው። ብዙ የማይናገረው ሦስተኛው ዳኛ መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ፣ ያቺን አጭር ግልባጭ በጣቱ እየተከተለ አነበባት። ሲጨርስ «ይቺ ሴት አልተሰማችም» አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሰብሳቢው ሁለት ለአንድ ከመሆን ይልቅ ሦስታችንም ብንሆን ይሻላል አሉና ትእዛዙን ራሳቸው ጻፉት።

ጥቅምት ላይ ተቀጠረ። ሾፌሩ ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ሌላው ሰው ቆሞ ነበር። ፊቱን ላለማየት ሞከርኩ፤ አየሁት ግን።

ሪፖርቱ ሄደ። የእኛ ችሎት አሁንም ከታች ነው። አንድ ቀን የሰብሳቢው ስልክ ሲጠራ እኔም ቢሯቸው ነበርኩ። እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል እያሉ ቆመው አዳመጡ፤ እኔን አላዩኝም፣ ስለ ምን እንደሆነም አልነገሩኝም። በምትካቸው ሌላ ሰብሳቢ ሊመደብ ነው የሚል ወሬ በኮሪደሩ ይወራ ነበር። እኔ ነኝ ያስከተልኩባቸው ብዬ ሰላምታ ስሰጣቸው እንኳ እፈራ ጀመር።

ክረምቱ ረዘመብኝ። አባትየውን ከዚያ በኋላ የትም አላየሁትም፤ ሰማያዊ ባጃጅ ባየሁ ቁጥር ግን ዞሬ ውስጡን አያለሁ። ከላይ ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ሲያስፈራ እኔ የማስበው የጀልዴሳን መንገድ ነበር። ሴትየዋ ባትመጣስ? ብትመጣና አሁንም ብታለቅስና አላስታውስም ብትልስ? ያን ሁሉ ሰው በከንቱ አንጠልጥዬ አቆየሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ ምን ታስቢያለሽ ሲለኝ ምንም እለው ነበር፤ አላመነኝም።

ጥቅምት ላይ መጣች። ያመጣት ወንድሟ፣ አባትየው ነው፤ ፖሊስ መጥሪያውን ማድረስ አቅቶት እሱ ራሱ ሄዶ ይዟት መጣ። ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ፣ እጆቿ ጠንካራ፣ ፍየል የምትጠብቅና ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ወንድሟ እንደልማዱ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አስተርጓሚያችን ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ አጠገቧ ቆመ። ሰብሳቢው እንዳትቸኩል፣ የፈለገችውን ያህል ጊዜ እንዳላት እንዲነግራት አዘዙት። ያን ቀን ከእሷ በኋላ የተቀጠረ ሌላ ጉዳይ እንዳልነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ለእሷ ትተውላት ነበር።

ከጀልዴሳ እንዴት እንደመጡ፣ ልጅቷ መንገዱን ሙሉ እንዴት ስታወራ እንደነበር ተናገረች። ወተቱን በጀሪካን ይዛ ነበር፤ በአንድ እጇ ጀሪካኑን፣ በሌላው ልጅቷን። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ምን ሆነ ብሎ ዐቃቤ ሕጉ ጠየቃት። አለቀሰች። ሰብሳቢው ጠበቁ፤ እኛም ጠበቅን። ከዚያ ወደ ወንድሟ ሳይሆን ወደ ወለሉ እያየች ተናገረች።

መጋላ ያደገ ሰው ሶማልኛ ሳይማረው ይሰማል። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ገብቶኝ ነበር። የጀሪካኑ ክዳን ተከፈተና ወተቱ ይፈስ ጀመር፤ እሱን ለመያዝ የልጅቷን እጅ ለቀቅኩ ነው ያለችው። ቀና ስል መንገዱ መሀል ነበረች፤ መኪናው ደርሶ ነበር፤ ሰውየው መሪውን ሲጠመዝዝ አይቻለሁ።

አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎመም። እንድትደግመው ጠየቃት፤ ደገመችው። በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ከችሎቱ የሰማነው ጥቂቶች ነን፤ ሰብሳቢውና ሦስተኛው ዳኛ ገና እየጠበቁ ነው። አባትየውን አየሁት። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። አልጮኸም፣ አልተነሣም፣ እህቱን አላያትም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ልጄ እንዴት እንደሞተች አንድ ሰው ይስማ ያለኝ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ ይህን እንዲሰማ ያደረግሁት።

በመጀመሪያው ጊዜ ለምን አልተናገርሽም ተብላ ተጠየቀች። ወንድሜ ተቀምጦ ነበር አለች። አሁንም ተቀምጧል ሲሏት፣ አዎ፣ ሲያመጣኝ መንገድ ላይ እውነቱን ብቻ ንገሪ አለኝ አለች።

ችሎቱ እንዳበቃ ወደ ቢሮዬ ሮጬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ወንድሟ ምን ያደርጋታል እያልኩ ነበር። ዘበኛውን ልጥራ ወይ ብዬ በሩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ግቢው በር ላይ ሰማያዊ ባጃጅ ቆማለች። አባትየው ገባና ተቀመጠ። እሷ ግንቡ ጥግ ቆማ ቀረች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች። ባጃጇ አልተነሣችም። ብዙ ቆየ። በኋላ ወጣና አጠገቧ ሄደ፤ የተናገራት ነገር አይሰማኝም። ክንዷን ያዘ። እሷ ወደ ኋላ ሸሸች። እሱ ግን አልለቀቃትም፤ ቀስ ብሎ ወሰዳትና አስገባት፣ ከዚያ እሱ ከባለባጃጁ አጠገብ ተቀመጠ። ሄዱ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ለብዙ ጊዜ አልተነሣሁም።

ፍርዱን ኅዳር ላይ ሰጠን። ነፃ የተባለው ጸና፤ ሰብሳቢው ሰኔ ላይ ይሁን እንዳሉት ሆነ ማለት ነው። ርዝመቱ ግን አንድ ገጽ ተኩል አልነበረም። ሾፌሩ ሲሰማ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ጠበቃው አሁን መሄድ ትችላለህ እስኪለው ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ሲወጣ አባትየው አጠገብ ቆም አለ። ሁለቱም ምንም አልተባባሉም። አባትየው በአግዳሚው ላይ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀለት፤ ሾፌሩ ትንሽ ተቀመጠ፣ ተነሥቶ ሄደ።

ሰብሳቢው በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። በሰንጠረዡ ምክንያት ይሁን በዕድሜያቸው፣ አልጠየቅኋቸውም። ልሰናበታቸው ስገባ፣ ለሾፌሩ አዝንለት እንደሁ ጠየቁኝ። አዝንለታለሁ አልኳቸው፤ ሰኔ ላይ ቢያልቅለት አንድ ክረምት ያተርፍ ነበር። እሳቸውም ያንኑ ያስቡ እንደነበር ነገሩኝ። ትክክል ነበርሽ አላሉኝም፤ ተሳስተሻልም አላሉኝም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቀፊራ ገበያ ውስጥ መንገድ ተሳስቼ በአባትየው ሱቅ ደጃፍ አለፍኩ። ፔርሙሶቹ በቀለም በቀለም ተደርድረዋል። ውስጥ እህትየዋ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የላስቲክ ሳህኖች በጨርቅ ትጠርጋለች፤ እሱ ለአንዲት ደንበኛ ዋጋ እየነገረ ነው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ልሸሽ ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ ሰላም ቢለኝ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ቢሆንም ልቤ እንደዚያ ቀን ይመታ ጀመር።

«ሰላም ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። እናንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። እህቱ ቀና አላለችም፤ ማን መሆኔን አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልገባኝም። ደንበኛዋ ዋጋውን ደግማ ጠየቀችው፤ ወደ እሷ ዞረ። እኔም ልጄን ከትምህርት ቤት የማወጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር በአቋራጩ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼም ግን ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ።